ስልሳ ላይ

ቆማ ላያት ጤነኛ ናት፤
ሞተሯን አስነሥቶ ላዳመጣት
እንደ ጠገበች ድመት ታንኮራፋለች፣ ምንም የላት።
ከመናኸሪያ ወጥተን፣ በወንጂ መንገድ ታጥፈን፣
የባጃጁን መንጋ አልፈን፣
ሜዳው ለጥ ሲል፣ እግሬ ነዳጁ ላይ ሲከብድ፣
ሠላሳን በሰላም፣ አርባን በሰላም፣ ሃምሳንም በሰላም ስትሄድ፣
ስልሳ ላይ
ወባ እንደጣለው ሰው ትንዘፈዘፋለች።
መሪው ክንዴን ያደነዝዘዋል፣ የበሩ ቆርቆሮ ይንጫጫል።
አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ ዘንቢሏን አቅፋ፦
«ሹፌር፣ ልታደርሰን ነው ወይስ ዱቄት ልትነፋ?»

ጎማ ነው አሉኝ መጀመሪያ፤
ቸርኬው ላይ እርሳስ ለጠፉ፣ ከፈልኩ የባላንስ ማስተካከያ።
ስልሳ ላይ፦ ያው።
ሌላው ኮፈኑን ከፍቶ አራቱንም ካንዴላ ነቀለ፣
አዲስ ተከለ፣
«አሁን ገና ተወለደች» እያለ።
ከፈልኩ። ስልሳ ላይ፦ ያው።
ሦስተኛው ከሩቅ አይቶ «ሽጣት» አለኝ።
እሱ እንኳ አላስከፈለኝ።

የጋሽ ዲንሳ ጋራዥ ከፍራንኮ ጀርባ ነው፤ በር የለው፣
አንድ የዛገ ኮንቴይነር፣ አንድ ግራር፣ ቀሪው የአዳማ ነፋስ ነው።
በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤
ግራ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ብቻውን ይንቀጠቀጣል፣
ሌላ ሰው የላከው ይመስል።
ልመለስ አልኩ በልቤ፤ ይህ እጅ ነው ቡሎን የሚፈታ?
እሳቸው መፍቻም አላነሡ፤ ጥያቄ ብቻ፣ በዝግታ፦

«ስትጫናት ነው ወይስ ስትለቃት?»
«ስጫናት።»
«ብትለቃትስ?»
«ወዲያው ትተዋለች።»
«ዳገት ላይ?»
«ይብሳል።»
«ሰው ሲሞላ?»
«ይብሳል።»
«ታዲያ ጎማውን ለምን ከሰስከው?
ጎማ ቢሆን ብትለቃትም አይተዋትም ነበር።
ሸክም ሲመጣ የሚጮህ ሸክም አቀባዩ ነው።»

ጫማቸውን አወለቁ። ከጎኔ ወጥተው
ባዶ እግራቸውን ወለሉ ላይ ዘረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።
«ንዳ።»
ሠላሳ። አርባ። ሃምሳ። አገዳው በመስኮት ይሮጣል።
ስልሳ፦ ጀመራት።
«ልቀቅ።» ለቀቅኩ። ዝም።
«ጫን።» ጫንኩ። ጀመራት።
«ልቀቅ። ጫን።»
ሐኪም «ተንፍስ፣ ያዝ» እንደሚል በማዳመጫው።
ተረከዛቸውን ጥቂት ወደ ኋላ ገፋ አድርገው
«እዚህ ጋ ናት» አሉ። «ከሆዷ በታች። ተመለስ።»

ጉድጓዱ ላይ አቆምናት፤ ምስባህ ባትሪ አበራ፤
ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደውን ረጅም ዘንግ ይዘው
ቀኝና ግራ ጠመዘዙት፦ ቀቅ። ቀቅ።
የፀጉር ያህል ክፍተት፣ ከዚያ አትልቅ።
ክሮቼራዋ ግራሶ ካየች ዓመት አልፏታል፤
ውስጧ ያሉት መርፌዎች ዝገው እንደ በርበሬ ደቅቀዋል።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት።
መዶሻው ሲነሣ ያ እጅ ፀጥ አለ።
ቡሎኖቹን ሲፈቱ፣ ቀለበቷን በፒንሳ ሲያወጡ፣
አዲሷን በጣታቸው መዝነው ቦታዋ ሲያስቀምጡ፣
እንደ ጉድጓድ ውሃ ረግቶ ነበር።
መፍቻውን አስቀምጠው እጃቸውን በቤንዚን ሲያጥቡ
ተመለሰ መንቀጥቀጡ።

ማየቴን አዩ።
«እኔንም ስልሳ ላይ ነው የጀመረኝ» አሉ።
«የኔ ግን ግልባጩ ነው፤ እሷ ስትሠራ፣ እኔ ስቀመጥ።
ልጆቼ፣ ጋራዡን ዝጋና እረፍ ይሉኛል።
እንዴት ነው የማርፈው?»
መልስ አልጠበቁም። የእጅ ዋጋ ነገሩኝ፣ ትንሽ ነበር፤
የክሮቼራዋን ቅባት በየወሩ እንዳልረሳ አስማሉኝ።

በማግስቱ፣ በወንጂ መንገድ፣ አሥራ አራት ሰው ጭኜ፦
ሠላሳ። አርባ። ሃምሳ። ትንፋሼን ይዤ፤
ስልሳ።
ምንም።
የሽንኩርቷ ነጋዴ ዘንቢሏ ላይ ተደፍታ ተኝታለች።
እኔ ግራ እጄን ከመሪው አነሣሁ፣
ጉልበቴ ላይ አሳረፍኳት፣
እስከ መታጠፊያው ድረስ
አንድ ዓይኔ መንገዱ ላይ፣ አንድ ዓይኔ እሷ ላይ ነበር።